ሳይለመን የማይጠጣ አጥሚት

እኔ ሰው ሲበላ ማየት እወዳለሁ። ራሴም እበላለሁ፤ ምን እደብቃለሁ! እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት ሄደሽ ታዋርጂኛለሽ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ታዲያ ነቀምቴ ውስጥ ለልጃገረዶች የቤት አያያዝ ሳስተምር ቆይቼ አንድ ቀን «በሰፈራ መንደሮች የተማሪዎች ምገባ ሊጀመር ነውና አንቺ ያዢው» ስባል ደስታዬን መቻል አቃተኝ። ልጅ አብልቶ ደመወዝ መቀበል! ከዚህ የተሻለ ሥራ ገነት ውስጥም ያለ አልመሰለኝም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ከትልቁ ድርቅ በኋላ ከወሎ የመጡ ሰዎች ከነቀምቴ በስተሰሜን ወረድ ብሎ ባለው የአንገር ወንዝ ቆላ ሰፍረው ነበር። ቤቶቹ ወታደር እንዳሰለፋቸው በመስመር የቆሙ ናቸው። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ድርቅ ሸሽተው መጥተው እዚህም አንዱን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶባቸው በቆሎው ሳያፈራ ቀርቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሣር የለበሰ ረጅም ዳስ ሲሆን የሰፋሪዎቹም፣ በዙሪያው ያሉት የኦሮሞ ገበሬዎችም ልጆች አብረው ይማሩበታል።

ዱቄቱን የሚሰጠው የእርዳታ ድርጅት ለሙከራ የፈቀደልን ለዚህ ለአንዱ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ኃላፊ መጥቶ ያያል ተባልን። ልጆቹ በእርግጥ የተራቡ መሆናቸውን በዓይኑ ካረጋገጠ ምገባው ይቀጥላል፤ ቆላው ውስጥ ላሉት ለሌሎቹም ትምህርት ቤቶች ይዳረሳል። ካላመነ ግን የቀረውን ዱቄት አስጭኖ ችግር ወደባሰበት አገር ይልከዋል። እኔ ይህን ስሰማ ሳቅሁ። የተራበን ልጅ የተራበ መሆኑን ማሳየት ምን ያቅታል? ይሄማ ፀሐይን ለማሳየት ጣት እንደመቀሰር ነው ብዬ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የዚያው አገር ሰው ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። ከጭነት መኪናው ጋቢና ስወርድ ገና አቧራዬን ሳላራግፍ «አካም ቡልተን፣ አዴ?» ይለኛል፤ እንዴት አደሩ፣ እመቤት ማለቱ ነው። ከዚያ የእናቴን ደህንነት፣ የጎረቤቶቼን ደህንነት፣ የመንገዱን ደህንነት ይጠይቃል። ከብት እንደሌለኝ እያወቀ የከብቶቼን ደህንነት የጠየቀኝ ቀንም አለ። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ «ሁሉም ደህና ነው፣ ልጆቹስ?» እላለሁ።

«ልጆቹ ይመጣሉ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ግን ከእረፍት በኋላ የማስተምረው ግድግዳውን ነው። ግማሾቹ ይተኛሉ፤ ግማሾቹ ዓይናቸው ተከፍቶ ይተኛሉ።»

ከሁለተኛ ክፍል አንዲት ልጅ አሳየኝ። ለክፍሉ ትልቅና ረጅም ናት፤ አንገቷ መለሎ፣ ዓይኗ ንቁ፣ እጇ ስንጥር የመሰለ። ትምህርት ትወዳለች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንድታነብ ስትጠራ ግን ከመነሳቷ በፊት ጠረጴዛውን ተደግፋ ትንሽ ትቆያለች። እንዳትወድቅ ነው። ያቺ ልጅ አንጀቴን በላችው።

ምግብ አብሳያችን ከሰፋሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ ድምፅዋ ወንዝ የሚያሻግር፣ ሳቋ ከድምፅዋ የባሰ። ለሁለት በተቆረጠ በርሜል አጥሚቱን ጣድን። ዱቄቱ ከእህልና ከወተት የተዘጋጀ፣ ትንሽ ስኳር ያለበት ነው። ሲፈላ ሽታው ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰው። ልጆቹ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠሩ ጣሳዎቻቸውን ይዘው ዛፉ ሥር በሰልፍ ተቀመጡ። እኔም ሽርጤን አጥብቄ፣ ጭልፋውን ከፍ አድርጌ፣ በሙሉ ድምፄ ተጣራሁ።

«የራበው ይምጣ!»

አንድም ልጅ አልተነሳም።

ያልሰሙ መስሎኝ ደገምኩት። አንዱ ሰማዩን ያያል፤ አንዱ በእንጨት መሬት ይጭራል። ረጅሟ ልጅ ጣሳዋን ከኋላዋ ደብቃለች። አብሳይዋ አፏን በእጇ ይዛ «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! ሽታው እኔን ሊጥለኝ ነው፣ እነሱ ዛፍ ይቆጥራሉ» አለች።

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ቶሎ ነው፣ ስበርድም ቶሎ ነው፤ ግን በመካከሉ ያለው ጊዜ ለሰው አይመችም። ምን ሆናችሁ ብዬ አንዱን ደፈር ያለ ልጅ ስይዘው «አጥሚት የአራስ ነው» አለኝ መሬት መሬት እያየ። እውነቱን ነው! በየትኛውም ቤት አጥሚት የሚጠጣው የወለደች ሴት ስትኖር ነው፤ የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ ምን አገባው? ነገሩ የገባኝ መስሎኝ በማግስቱ ውሃውን ቀንሼ፣ ዱቄቱን ጨምሬ፣ አንተክትኬ ገንፎ አቀረብኩ። ልጁ ገንፎውን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ። ገንፎስ የማን ነው? የባሰ የአራስ! አብሳይዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከበርሜሉ ጀርባ ሄደች። ርእሰ መምህሩም ሊረዳኝ ፈልጎ ስለ ምግብና ስለ ምርት እድገት ረጅም ንግግር አደረገ። ልጆቹ በሚገባ አጨበጨቡ። አጨብጭበውም ሳይበሉ ወደ ክፍል ገቡ።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ወደ አጥሚቱ ተመለስን። እኔም ረጅሟን ልጅ ለብቻዋ ጥላ ሥር አስቀምጬ የሞላ ጣሳ ይዤ ተጠጋኋት።

«ርቦሻል አይደል?»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ምን በልተሽ?»

«በልቼ ነው የመጣሁት።»

ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ጣሳው ላይ ነው፤ አፏ ግን «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ንዴቴ ገነፈለና ሳላስበው፣ እንደ ቁጣም እንደ ልመናም አድርጌ «ኧረ በሞቴ!» አልኳት።

እጇ ተዘረጋ። ጣሳውን ተቀበለችኝ፤ በትንሽ በትንሹ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

እኔ እዚያው መሬት ላይ ተዘርፍጬ ቀረሁ። እናቴ ጎረቤት ለጥየቃ ስትወስደኝ ጭኔን እንዴት ትቆነጥጠኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። እንጀራ ሲቀርብ መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይባላል። ሁለተኛ ሲሉ «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» ይባላል። «በሞቴ» ሲባል ብቻ፣ ያውም እያፈሩ፣ እጅ ይዘረጋል። ከዚያ በፊት እጇን የሰደደች ልጅ እናቷን አሰደበች ማለት ነው። እነዚህም በአገራቸው የጨዋ ቤት ልጆች ናቸው። አገር ቀያቸውን ትተው ሲመጡ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህን ይዘው መጥተዋል። እኔ ደግሞ በሕዝብ ፊት ጭልፋ ይዤ «የራበው ይምጣ» ስል «ያልተቀጣ፣ ባለጌ የሆነ ይምጣ» ብዬ መጥራቴ ነበር። ማን ይነሳል?

ተነስቼ ወደ ሰልፉ ሮጥኩ። «በሞቴ! አንተ፣ በሞቴ! እኔ ልሙት!» ልጆቹ ፊታቸው እየበራ ጣሳቸውን አወጡ። ርእሰ መምህሩ የኦሮሞዎቹን ልጆች ያዘ፤ «ማሎ፣ ዹጊ! ማሎ!» ይላል። እባክህ ጠጣ ማለቱ ነው። «የኛም ያው ናቸው፣ አዴ። ማሎ ሳይባሉ ቢጠጡ እናቶቻቸው ቆዳቸውን ይገፏቸዋል» አለኝ እየሳቀ። አብሳይዋ «አፈር ስሆን፣ ያንጀቴ፣ እኔን ይድፋኝ» እያለች በወዲያኛው ጫፍ ታዘንበዋለች። ያ ሁሉ ልጅ ሦስታችንን ሲገድለን ዋለ። የመጨረሻው ረድፍ ዘንድ ስንደርስ አጥሚቱ ቀዝቅዟል፣ ድምፃችን ተዘግቷል፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜም አልፏል።

እንዲህማ አይዘለቅም አልን። ዘዴው የመጣልን እዚያው የቀዘቀዘውን እየጠጣን ሳለ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይገባበዙ። ከሰፋሪ አንድ፣ ከአገሬው አንድ እያደረግን ጥንድ ጥንድ አስቀመጥናቸው። አንዱ ሌላውን ሳይለምን ማንም አይጠጣም። በሳምንት ጊዜ ውስጥ የወሎዎቹ ልጆች «ማሎ» ማለት ለመዱ፣ የኦሮሞዎቹም «በሞቴ» ማለት ለመዱ። ቀትር ላይ ትምህርት ቤቱ የነቀምቴን ቅዳሜ ገበያ ያስንቃል። መግደርደሩም ጨዋታ ሆነ፤ አንዳንዱ ጥንዱን እስኪያስለቅስ ይግደረደራል። ረጅሟ ልጅ ደግሞ የግብዣ አለቃ ሆነች። ጥንዷ የሆነችውን ትንሽዬ ልጅ ሳታጠጣ አትጠጣም፤ ቸኩላ የጠጣች እንደሆነም «ቀስ በይ፣ ሰው ያየኛል አይባልም?» ብላ ትገስጻታለች። ከእረፍት በኋላ የሚተኛ ጠፋ። ረጅሟም ልጅ ለማንበብ ስትጠራ ጠረጴዛ መደገፍ ተወች። እኔ በየሳምንቱ ማብቂያ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስመለስ ለእናቴ ይህን ሳወራ «የኔን ቁንጥጫ ናቂ እንግዲህ» ትለኝ ነበር።

ኃላፊው የመጣው ግንቦት ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ነው። ከነቀምቴ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መንገዱ ጭቃ ሆኖበት መኪናው ሁለት ቦታ ተቀርቅሮ፣ እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ለብሶ ቀትር ላይ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ ኪሱ ብዙ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ተጣልቼው በተገላገልኩ። ትክክል መሆን የሚፈልግ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለው ይበልጥ ያስቸግራል።

ርእሰ መምህሩ «ጓድ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ቅመሱ እንጂ» አለው።

«የለም የለም፣ በልቻለሁ። ሥራው ይቅደም» አለ።

አብሳይዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ከየት በላሳ? በዚያ መንገድ ከዝንጀሮ በቀር ቤት ያለው የለም» አለችኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ነበር፤ ልጆቹን ሲያይ የሚደሰተው ደስታ ይታየኛል።

ዛፉ ሥር ሲደርስ ግብዣው ጦፏል። እዚህ አንዱ ጣሳ ይዞ «በሞቴ!» እያለ ጓደኛው አፍ ላይ ይደቅናል፤ ጓደኛው ፊቱን ያዞራል። እዚያ አንዷ «አልፈልግም!» እያለች ትሸሻለች፤ ሌላዋ «ማሎ! ማሎ!» እያለች ታባርራታለች። ሰውየው ቆሞ አየ። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«ይህ ምንድነው?» አለ።

«እየተገባበዙ ነው» አልኩ በኩራት።

«ይህ ልጅ እኮ አልፈልግም እያለ ነው። ያኛው በግድ ያጠጣዋል።»

«አይ፣ እሱማ...»

«ጓዲት፣ እርዳታ በግድ አይሰጥም» አለ። ሁለት እጁን አጨብጭቦ ዝም አሰኛቸው። ጣሳ ሁሉ መሬት ይቀመጥ፤ ከአሁን ጀምሮ ማንም ተማሪ ጓደኛውን እንዳይለምን፤ የፈለገ አንስቶ ይጠጣ፣ ያልፈለገ ይተወው ብሎ አዘዘ። ልጆቹ ታዘዙ። ጣሳዎቹ በየፊታቸው እየጨሱ ተቀመጡ። አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም።

ኃላፊው በረድፉ መካከል እየሄደ አንድ በአንድ ይጠይቅ ጀመር። «ርቦሃል?» «ጠግቤያለሁ።» «አንቺስ?» «በልቼ ነው የመጣሁት።» «አንተ፣ ቁርስ በልተሃል?» «አዎ።» «ምን?» ልጁ ትንሽ አሰበና «ዶሮ» አለ። አብሳይዋ ሻሽዋን ፊቷ ላይ ጣለችው። እዚያ መንደር ውስጥ ዶሮ የነበረው ሰው ካለ ሁላችንም እናውቀው ነበር። የዚያ ልጅ እናት እዚያ ብትኖር ግን ግንባሩን ትስመው ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ጨዋነት አለ?

«ጓድ፣ ልጆቹ ጨዋዎች ስለሆኑ ነው» አልኩ እየተከተልኩት።

«ጨዋነት ሌላ፣ ረሃብ ሌላ» አለ።

«አንድ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ርእሰ መምህሩ እጅጌዬን ጎተተኝ።

ሰውየው ሄዶ ከዳሱ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሳይቆጣ፣ እንዲያውም እያዘነልን፣ ሐሳቡን ነገረን። ድካማችንን ያደንቃል፤ ነገር ግን በየአገሩ ዞሮ ያያቸው የተራቡ ልጆች ምግብ ሲያዩ ይሮጣሉ፤ እነዚህ ዞር ብለውም አላዩትም። ስለዚህ ዱቄቱ ነገ ይጫናል። የሌላ አገር ልጅ እየጠበቀው እዚህ በልመና ማጠጣት ኅሊናው አይፈቅድለትም። ረጅሟ ልጅ ጠረጴዛውን ስትደገፍ ታየችኝ፤ ገና ያላየናቸው የሌሎቹ መንደሮች ልጆችም አብረው ታዩኝ። ላለማልቀስ ጭልፋውን አጥብቄ ያዝኩ።

ያን ቀን የረጅሟ ልጅ ጥንድ ወባ ይዟት ቀርታ ነበር። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የምትለምናት አጥታ፣ የሞላ ጣሳዋን ፊቷ አድርጋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ድንገት ተነሳች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ማናችንም አልገባንም። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀች፣ አግዳሚው ዘንድ ሄደችና ኃላፊው ፊት ቆመች። እሷ የታዘዘችው ጓደኛዋን እንዳትለምን ነው፤ ሩቅ አገር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን ተቀምጦ እያየች ዝም እንድትል ግን ማንም አላዘዛትም።

«ይጠጡ፣ ጋሼ» አለች።

«አይ፣ የኔ ልጅ፣ ጠግቤያለሁ» አለ ፈገግ ብሎ።

«ይቅመሱት።»

«እውነቴን ነው። በልቼ ነው የመጣሁት።»

በዚያች ቅጽበት ሆዱ ጮኸ። ጩኸቱም ቀላል አልነበረም፤ አግዳሚው ሥር ድመት ያለ መስሎን ርእሰ መምህሩና እኔ ጎንበስ ብለን ነበር። ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ እንዳልሰማች ሆነች።

«በሞቴ» አለች።

ሕፃን ልጅ በሞቴ ብላው የሚጨክን ሰው እስካሁን አላየሁም። ጣሳውን ተቀበላት። ለይሉኝታ ያህል አንዴ ፉት አለ። ቆም ብሎ ጣሳውን አየው፤ እንደገና ፉት አለ። ከዚያ በኋላ ፉት ማለት አልነበረም። ጣሳውን አንጋጦ፣ ጉሮሮው እየወጣና እየወረደ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ጨለጠው። መጨረሻ ላይ በጣቱ የጣሳውን ግድግዳ ሲጠርግ ደንገጥ አለና እጁን ሰበሰበ።

ቀና ብሎ ልጆቹን አየ። ሁሉም በየፊታቸው የተቀመጠውን ጣሳ ትተው እሱን ነበር የሚያዩት፤ እንግዳው ስለጠጣላቸው ደስ ብሏቸዋል። ሰውየው ልጅቷን «አንቺስ፣ ርቦ...» ብሎ ጀመረና ቃሉን አልጨረሰውም። ተነስቶ ወደ በርሜሉ ሄደ። አብሳይዋ ጣሳውን እስከ አፉ ሞላችለት። ተመልሶ መጥቶ በዚያ ቀይ ጭቃ በለበሰ ሱሪው ተንበረከከ፤ ጣሳውንም እንደ እሷ በሁለት እጁ ያዘው።

«በሞቴ» አላት።

ልጅቷ ጠጣች። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ርእሰ መምህሩ ወደ ልጆቹ ዞሮ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ሲል የበሞቴና የማሎው ጩኸት ዛፉ ላይ የነበሩትን ወፎች ሁሉ አስነሳቸው። ዶሮ በልቻለሁ ያለው ልጅ ሁለት ጣሳ ጠጣ።

ዱቄቱ ሳይጫን ቀረ። በተከታዩ ዓመት ትምህርት ሲከፈት የጭነት መኪኖቹ ከአዲስ አበባ በአኖ በኩል አልፈው ነቀምቴ ሲገቡ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። ቆላው ውስጥ ላለው ትምህርት ቤት ሁሉ ደረሰ። በየደረስንበት መጀመሪያ የምናስተምራቸው ማብሰል ሳይሆን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስቀመጥ ሆነ።

ያን ዕለት ግን ኃላፊው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«ጓዲት፣ አዲስ አበባ ስገባ ምን ልበላቸው? ርቦኛል ያለኝ አንድም ልጅ አላገኘሁም እኮ።»

«እርስዎ ርቦዎት እንደነበር ይንገሯቸዋ!» አልኩት።

«እኔ?» አለ። «እኔማ በልቼ ነው የመጣሁት።» ከንፈሩ ላይ አጥሚት ነበር።